ሞን ብላንን በጉቴ መንገድ መውጣት፦ ከአልጋ ምዝገባ እስከ መጨረሻው ባቡር

ሞን ብላን የአልፕስ ተራሮች ከፍተኛው ጫፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 በተደረገው ልኬት ቁመቱ 4,805.59 ሜትር ሆኖ ተመዝግቧል፤ አናቱ የበረዶ ቆብ ስለሆነ ቁጥሩ በየልኬቱ ከፍ ዝቅ ይላል። በየበጋው እጅግ ብዙ ሰው ይሞክረዋል፤ ከሞካሪው ብዙው ደግሞ ጫፉን ሳያይ ይመለሳል። ተመላሹን ቀረብ ብሎ ለጠየቀ ሰው፣ ጉልበት ያጠረው ጥቂቱ ነው። የሚበዛው አልጋ ሳይዝ የመጣ፣ ከዝቅተኛ ከተማ ተነስቶ በሁለት ቀን ውስጥ ወደ 4,000 ሜትር የዘለለ፣ ወይም አርፍዶ የተነሳ ነው። ስለዚህ ይህ መመሪያ ከመንገዱ ይልቅ ዝግጅቱ ላይ ረዘም ብሎ ይቆያል።

የሚመለከተው በፈረንሳይ በኩል፣ ከሳን ዠርቬ ተነስቶ በቴት ሩስና በጉቴ ማደሪያዎች በኩል የሚወጣውን የተለመደ መንገድ ብቻ ነው። የተለመደ መባሉ ከሌሎቹ መንገዶች አንጻር ብዙ የገመድና የድንጋይ ጥበብ ስለማይጠይቅ ነው፤ ቀላል ነው ማለት ግን አይደለም። ክራምፖን (በረዶ ላይ እንዳያንሸራትት ጫማ ሥር የሚታሰር ባለ ጥርስ ብረት) አድርገው የማያውቁ ከሆነ፣ ይህ ጽሑፍ ፈቃድ ያለው የተራራ መሪን አይተካም።

ስለ ሰዓት አንድ ማሳሰቢያ

በዚህ መመሪያ ሰዓቱ በእኛ አቆጣጠር ተጽፎ የአውሮፓው በቅንፍ ተቀምጧል። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ከጓደኞቼ ጋር በወጣሁበት ጊዜ «በሁለት ሰዓት እንነሳለን» ብለን ተለያይተን ነበር። ግማሻችን ከሌሊቱ 8 ሰዓት (2፡00) ታጥቀን በር ላይ ስንቆም፣ ሌላው ከጠዋቱ 2 ሰዓት መስሎት ብርድ ልብሱን ተከናንቦ ተኝቷል። እሱን ቀስቅሰን፣ አብልተንና አስታጥቀን ስንወጣ አንድ ሰዓት ሙሉ ባክኖ ነበር። በቡድናችሁ ውስጥ አንዱን አቆጣጠር ምረጡና በጽሑፍ አስቀምጡት።

ደረጃ 1፦ ራስዎን ይመዝኑ

1. ከ10 እስከ 12 ኪሎ በሚመዝን ቦርሳ በአንድ ቀን 1,300 ሜትር ያህል ሽቅብ መውጣት፣ ከዚያም በማግስቱ ያንኑ መድገም ይችሉ እንደሆነ በአቅራቢያዎ ባለ ተራራ ይፈትኑ። በማግስቱ ጉልበትዎ እምቢ ካለ ገና ዝግጁ አይደሉም።

2. በበረዶ ላይ በክራምፖን መራመድን፣ ሲንሸራተቱ ራስን በበረዶ መጥረቢያ ማቆምን፣ በገመድ ተያይዞ መሄድንና የበረዶ ግግር ስንጥቅ ውስጥ የገባን ሰው ማውጣትን በሥልጠና ይማሩ። የሁለት ወይም የሦስት ቀን ኮርስ መሠረቱን ያስጨብጣል። ገመድ አጠቃቀሙን የማያውቁ ሁለት ሰዎች በገመድ ሲተሳሰሩ የአንዱ መውደቅ የሁለቱ መውደቅ ይሆናል።

3. በዚህ መንገድ አንድ መሪ ከሁለት ሰው በላይ ይዞ አይወጣም። አምስትና ስድስት ሰው በአንድ መሪ እወስዳለሁ የሚል ካጋጠመዎት ይተውት።

እዚህ ላይ ከአገራችን ሰዎች ደጋግሜ የምሰማው አንድ ስህተት አለ፤ «ራስ ዳሸንን ወጥቻለሁ» የሚለው። ራስ ዳሸን ከ4,500 ሜትር በላይ ስለሆነ በከፍታ ደረጃ በእርግጥ ከሞን ብላን ብዙም አያንስም፤ ለሳንባ ጥሩ ልምድ ነው። ነገር ግን እዚያ የበረዶ ግግር የለም፣ ስንጥቅ የለም፣ ሲንሸራተቱ የሚያወርድ የበረዶ ቁልቁለት የለም፤ በቅሎም እስከ ጥሩ ቦታ ድረስ ያደርሳል። ሁለተኛው ስህተት «እኔ የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ፣ ከፍታ አይነካኝም» የሚለው ነው። አዲስ አበባ 2,300 ሜትር አካባቢ መሆኗ እውነት ነው፤ ይሁን እንጂ ሰውነት ለከፍታ የሚያደርገው መላመድ ዝቅ ያለ ቦታ ሲኖሩ በሳምንታት ውስጥ ይጠፋል። አምስት ዓመት ፍራንክፈርት የኖረ ሰው እንደ ማንኛውም የፍራንክፈርት ሰው ከዜሮ ይጀምራል።

ደረጃ 2፦ አልጋ ይያዙ

እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ በበጋው ወቅት በዚህ መንገድ ለመውጣት በማደሪያዎቹ በአንዱ በስም የተያዘ አልጋ መኖር ግዴታ ሆኗል። በመንገዱ ላይ ተቆጣጣሪዎች ስለሚቆሙ ማረጋገጫ የሌለው ሰው ይመለሳል። በአካባቢው በራስ ድንኳን ማደር የተከለከለ ሲሆን ቅጣቱም ከባድ ነው።

1. ምዝገባው በኢንተርኔት ብቻ ነው። ብዙውን ጊዜ ከወቅቱ ወራት አስቀድሞ ይከፈታል፤ የጉቴ ማደሪያ 120 አልጋ ብቻ ስላለው የሐምሌና የነሐሴ ቀናት ወዲያው ያልቃሉ። የሚከፈትበትን ቀን አስቀድመው አጣርተው በሰዓቱ ይጠብቁ።

2. የሚጽፉት ስም በፓስፖርትዎ ወይም በመታወቂያዎ ላይ ካለው ጋር ፊደል በፊደል ይመሳሰል። የእኛ ስም በአንዱ ወረቀት የአባት፣ በሌላው የአያት ስም እየተጨመረ ስለሚጻፍ ይህ ለእኛ ሰዎች ከሌላው ይልቅ ያስቸግራል። መታወቂያዎን ይዘው ይውጡ።

3. የሚመረጠው አያያዝ የመጀመሪያዋን ሌሊት በቴት ሩስ (3,167 ሜትር)፣ ሁለተኛዋን በጉቴ (3,835 ሜትር) ማደር ነው። ለምን እንደሆነ ደረጃ 7 ላይ ግልጽ ይሆናል።

*አልጋ ካጡ፦* ከሌላ ሰው አልጋ አይግዙ፤ ምዝገባው በስም ስለሆነ አይሠራም። ይልቁንም የሚፈልጉት ቀን ሲቃረብ ድረ ገጹን ጠዋትና ማታ ይመልከቱ፤ የአየር ትንበያ ሲቀያየር የሚሰርዝ ሰው ስለማይጠፋ ቦታ ይለቀቃል። ቴት ሩስን ብቻ ካገኙ ከዚያ በቀጥታ ወደ ጫፍ ወጥቶ መመለስ ይቻላል፤ ነገር ግን ከ1,600 ሜትር በላይ መውጣትና ያንኑ መውረድ በአንድ ቀን ስለሆነ ለጀማሪ አልመክረውም።

ኢንሹራንስንም በዚሁ ጊዜ ይጨርሱ። በፈረንሳይ በኩል በተራራ ላይ የሚደረግ የመንግሥት ነፍስ አድን ሥራ በአብዛኛው ክፍያ አይጠየቅበትም፤ ድንበሩ ግን በጫፉ አካባቢ ስለሚያልፍ በጣሊያን በኩል ከተነሱ ሂሳብ ሊመጣ ይችላል። የሆስፒታሉ ወጪ ደግሞ ሌላ ነው። የኢንሹራንሱ ውል «በበረዶ ግግር ላይ ተራራ መውጣት» የሚለውን ሥራ በግልጽ መሸፈኑን ያንብቡ፤ ተራ የጉዞ ኢንሹራንስ ብዙ ጊዜ አይሸፍነውም።

ደረጃ 3፦ ሰውነትዎን ከከፍታው ጋር ያለማምዱ

ይህ ደረጃ የሚዘለለው የእረፍት ቀን ስለሚበላ ነው፤ ተመላሹን የሚያበዛውም ይኸው ነው።

1. ከዋናው ጉዞ በፊት ቢያንስ ከሦስት እስከ አምስት ቀን ይመድቡ።

2. በእነዚህ ቀናት ከ2,500 እስከ 3,600 ሜትር ባለ ከፍታ ሁለት ሌሊት ይደሩ። ከ3,000 ሜትር በላይ ሲሆን የመኝታ ከፍታዎን በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር ብዙም አይጨምሩ።

3. አንድ የ4,000 ሜትር ተራራ ይሞክሩ። ጣሊያን ውስጥ ያለው ግራን ፓራዲዞ (4,061 ሜትር) ለዚህ ጥሩ ነው፤ በዚያውም ክራምፖንዎና ጫማዎ መስማማታቸውን ያዩበታል።

4. በተራራው ሥር ካለችው የሻሞኒ ከተማ በኬብል መኪና ኤጊ ዱ ሚዲ (3,842 ሜትር) ወጥቶ ቡና ጠጥቶ መውረድ መላመድ አይባልም። ሰውነት የሚለምደው በማደር ነው።

የከፍታ መድኃኒት ለመውሰድ ካሰቡ ሐኪም ያማክሩና አስቀድመው ቤት ሳሉ ይሞክሩት። የራስ ምታት ማስታገሻ ውጦ መቀጠል ግን ምልክቱን መሸፈን ብቻ ነው።

ደረጃ 4፦ ዕቃዎን ያዘጋጁ

የሳን ዠርቬ ማዘጋጃ ቤት በዚህ መንገድ ለሚወጡ ሰዎች መያዝ ያለበትን ዕቃ በደንብ ደንግጓል፦ ኮፍያ፣ የፀሐይ መነጽር፣ የፀሐይ መከላከያ ቅባት፣ ሙቅ ጃኬትና ሱሪ፣ ክራምፖን የሚይዝ የተራራ ጫማ፣ ክራምፖን፣ የበረዶ መጥረቢያ፣ የወገብ መታጠቂያ (ሃርነስ)፣ ገመድ፣ ከስንጥቅ ማውጫ ዕቃዎች፣ እንዲሁም ጂፒኤስ ወይም ኮምፓስ ከከፍታ መለኪያ ጋር። እኔ የምጨምረው ሄልሜት፣ ሁለት ጥንድ ጓንት፣ የግንባር ባትሪ ከመለዋወጫው ጋር፣ እና የጫማን አፍ ከበረዶ የሚከላከል ባት መሸፈኛ ነው። አብዛኛውን ሻሞኒ ውስጥ መከራየት ይቻላል።

መከራየት ብቻ ግን አይበቃም። ከመውጣትዎ በፊት ባለው ማታ ይህን ያድርጉ፦

1. ክራምፖኑን ጫማው ላይ ያስሩና ጫማውን ይዘው ኃይለኛ ንቅነቃ ያድርጉ። ከተንቀሳቀሰ ርዝመቱን ያስተካክሉ።

2. መብራት አጥፍተው፣ ወፍራም ጓንት አድርገው፣ በግንባር ባትሪ ብርሃን ብቻ ያስሩት፣ ይፍቱት፣ ደግመው ያስሩት። ሌሊት በ15 ዲግሪ ከዜሮ በታች፣ ከኋላዎ ሰልፍ ቆሞ ሲጠብቅ የሚሆነው ይህ ነው።

3. ታስሮ የተረፈውን የማሰሪያ ጫፍ ወደ ውስጥ ይሸጉጡ። የተንጠለጠለ ማሰሪያን በሌላው እግር ክራምፖን ረግጦ መውደቅ የታወቀ አደጋ ነው።

4. ውሃ በጎማ ቱቦ አይያዙ፤ ቱቦው ይረጋል። በሰፊ አፍ ጠርሙስ ሞቅ ያለ ውሃ ሞልተው፣ ጠርሙሱን ቦርሳው ውስጥ በአፉ ደፍተው ያስቀምጡ። በረዶ የሚጀምረው ከላይ ስለሆነ፣ ሲያቀኑት ክዳኑ በኩል ያለው ገና ውሃ ነው።

ምግብን በተመለከተ

በከፍታ ላይ የምግብ ፍላጎት ይጠፋል፤ ስለዚህ የሚወዱትን ይያዙ። ዳቦ ቆሎና ቆሎ በኪስ ለመያዝ ይመቻሉ፤ ትንሽ ትንሽ እየቆረጠሙ ይሄዱበታል። በሶ በማርና በሞቀ ውሃ በጥብጦ መጠጣት ማለዳ ላይ ከማንኛውም የፋብሪካ ጄል የተሻለ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ጿሚ ከሆኑ ቀኑን ሲመርጡ ያስቡበት። ጾመ ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15፣ ማለትም በአውሮፓ አቆጣጠር ከኦገስት 7 እስከ 21 ስለሚውል ከተራራ መውጫው ወቅት መሃል ላይ ይወድቃል። ሥጋና ወተት የሌለበትን ምግብ አስቀድሞ ማደሪያውን ጠይቆ ማዘዝ ይቻል ይሆናል፤ እስከ ቀትር ሳይበሉና ሳይጠጡ በ4,000 ሜትር ላይ ስምንት ሰዓት መራመድ ግን አደገኛ ነው። ጾሙን ለማያቋርጥ ሰው ሐምሌ አጋማሽን ወይም ከጾሙ በኋላ ያለውን ሳምንት ይዞ መሄድ ይሻላል።

ደረጃ 5፦ በአየሩ ላይ ይወስኑ

ከመነሳትዎ በፊት ባለው ቀን ሻሞኒ ያለውን የተራራ መረጃ ቢሮ፣ ላ ሻሞኒያርድን፣ በአካል ወይም በስልክ ይጠይቁ፤ መንገዱ በዚያ ሳምንት ምን ላይ እንዳለ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ከዚያ ሦስት ነገሮችን ይመልከቱ፦

1. *ነፋስ።* በ4,800 ሜትር ላይ በሰዓት ከ40 እስከ 50 ኪሎ ሜትር የሚደርስ ነፋስ ከተተነበየ አይውጡ። ከሻሞኒ ሆኖ ሰማዩ ሰማያዊ መሆኑን ማየት አያታልልዎት።

2. *ነጎድጓድ።* ከሰዓት በኋላ ከተተነበየ ከቀትር በፊት ጉቴ መመለስ ግድ ነው።

3. *ሙቀት።* ውሃ የሚረጋበት ከፍታ ሌሊትም ከ4,000 ሜትር በላይ ከሆነ ድንጋዮቹን የያዘው በረዶ ስለሚለቅ የድንጋይ ናዳ ይበዛል። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2022 ሁለቱም ማደሪያዎች በዚሁ ምክንያት በማዘጋጃ ቤቱ ትእዛዝ ተዘግተው ነበር።

*ትንበያው ከተበላሸ፦* የአልጋው ገንዘብ ቢቃጠልም ይቅር። የመጠባበቂያ ቀን የሚያዘውም ለዚህ ነው።

ደረጃ 6፦ እስከ ቴት ሩስ

ሳን ዠርቬ ውስጥ ካለው የለ ፋዬ ጣቢያ የሚነሳው የጥርስ ባቡር (በጥርሳማ ሐዲድ ሽቅብ የሚወጣ) ወደ ኒ ዴግል (2,372 ሜትር) ይወስዳል። የባቡር ቦታዎን ደርሶ መልስ አስቀድመው ይያዙ፤ በሥራ ወይም በጥገና ምክንያት ባቡሩ ከዚያ ዝቅ ብሎ የሚቆምባቸው ጊዜያት ስላሉ ያንን ያጣሩ፤ እዚያ ከቆመ የእግር መንገዱ ይረዝማል። ከኒ ዴግል እስከ ቴት ሩስ ከሁለት እስከ ሁለት ሰዓት ተኩል የድንጋይ መንገድ ነው። ቀስ ብለው ይሂዱ፤ እያወሩ መሄድ ካቃተዎት ፈጥነዋል ማለት ነው። ደርሰው ውሃ ይግዙ፣ ይብሉ፣ ገና ብርሃን ሳለ ወጣ ብለው የሚቀጥለውን ቀን መሻገሪያ በዓይንዎ ያጥኑ፣ በጊዜ ይተኙ።

ደረጃ 7፦ ትልቁን ኩልዋር ይሻገሩ

የጉዞው ሁሉ ዕቅድ የሚሠራው ከዚህ ቦታ ወደ ኋላና ወደ ፊት እየተቆጠረ ነው። ከቴት ሩስ ግማሽ ሰዓት ያህል እንደወጡ፣ 3,340 ሜትር አካባቢ፣ ከላይ ድንጋይ የሚወርድበትን ቀጥ ያለ የተራራ ቦይ መሻገር ግድ ይላል። ፈረንሳዮቹ ኩልዋር ይሉታል። እ.ኤ.አ. ከ1990 ወዲህ በቴት ሩስና በጉቴ መካከል ባለው በዚህ አጭር መንገድ ላይ ከ100 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ድንጋዩን የያዘው ሌሊት የሚረጋው ውሃ ነው፤ ፀሐይ ሲመታው ይለቃል። ስለዚህ መሻገር በማለዳ፣ ሌሊቱ አየሩን ካቀዘቀዘ በኋላ ነው። ቴት ሩስ ያደረ ሰው ይህን ማድረግ ይችላል፤ በዚያው ቀን በባቡር የመጣ ሰው ግን ኩልዋሩ ዘንድ የሚደርሰው በከፋው ሰዓት፣ ከቀትር በኋላ ነው።

1. ከኩልዋሩ ዳር ጥቂት ሜትሮች ወዲህ፣ በአለት ጥግ ይቁሙ። ሄልሜቱን ይቆልፉ፣ የመራመጃ ዘንጎቹን አጥፈው ያስሩ፣ የተንጠለጠለ ነገር ሁሉ ይግባ። መሬቱ ጠንካራ በረዶ ከሆነ ክራምፖን እዚህ ይታሰራል እንጂ መሃል ላይ አይደለም።

2. ለሁለት ሦስት ደቂቃ ዝም ብለው ያዳምጡ። ድንጋይ ከመታየቱ በፊት ይሰማል፤ መጀመሪያ ከላይ እንደ ሳህን መንኳኳት ያለ ቀጭን ድምፅ፣ ከዚያ ፉጨት።

3. አንድ ሰው ይሻገራል፣ ሌላው ወደ ላይ እያየ ይጠብቃል። የማስጠንቀቂያውን ቃል አስቀድማችሁ ተስማሙ፤ ለእኛ «ድንጋይ!» ይበቃል፤ ነገር ግን ሌላ ሰው «ካዩ!» ወይም «ፒየር!» ብሎ ሲጮህ ሲሰሙ በፈረንሳይኛ ያው ማለቱ እንደሆነ ይወቁ።

4. በፍጥነት እንጂ በሩጫ አይሻገሩ። ዱካው ጥሩ ሲሆን አንድ ሁለት ደቂቃ ነው። የወደቀ ዘንግ አይነሳም፣ ፎቶ አይነሳም፣ አፍታ ማረፍ የለም።

5. በላይ የተዘረጋ የብረት ገመድ አለ። መሬቱ ጠንካራ በረዶ ሆኖ የመንሸራተት ስጋት ሲኖር ራስን ማያያዝ ይጠቅማል፤ ደረቅ ሲሆን ግን ለማያያዝና ለመፍታት የሚባክነው ጊዜ የባሰ ያጋልጣል። መሪ ካለዎት ውሳኔው የእሱ ነው።

*መሃል ላይ ሳሉ ድንጋይ ቢመጣ፦* ሳያዩ አይሩጡ። ቀና ብለው አቅጣጫውን ይዩ፣ ከዚያ ወደ ቀረበው ዳር ይሂዱ። ማምለጥ ካልቻሉ ወደ ተራራው ተጠግተው ጎንበስ ይበሉና ቦርሳዎን ወደ ላይ ያድርጉ።

*ሲያዳምጡ ድንጋዩ ካላቋረጠ፦* ወደ ቴት ሩስ ይመለሱ። «ሌሎቹ እየተሻገሩ ነው» የሚለው ምክንያት አይደለም፤ ሌሎቹም እርስዎን እያዩ ይሆናል የተሻገሩት።

ደረጃ 8፦ ሸንተረሩና የጉቴ ሌሊት

ከኩልዋሩ በኋላ ወደ 500 ሜትር የሚጠጋ ቀጥ ያለ የድንጋይ ሸንተረር ይወጣሉ፤ በላይኛው ክፍል የብረት ገመዶች ተሰክተዋል። ብዙ ሰው ኩልዋሩን ካለፈ በኋላ አደጋው ያለቀ ይመስለዋል፤ እውነቱ ግን በዚህ ክፍል ከሚደርሱት አደጋዎች ብዙዎቹ በድንጋይ መመታት ሳይሆን አዳልጦ መውደቅ ናቸው። ዱካውን ይከተሉ፣ ወደ ኩልዋሩ አያዘንብሉ፣ ከእግርዎ ሥር ድንጋይ እንዳያንከባልሉ ይጠንቀቁ፤ ከታች ሰው አለ። ከሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት ይወስዳል።

ጉቴ ሲደርሱ ገና ረፋድ ይሆናል። መልካም ነው፤ ቀኑን በማረፍ፣ ውሃ በመጠጣትና ሾርባ በመብላት ያሳልፉ። የቧንቧ ውሃ የለም፤ የሚሸጠው የታሸገ ነው፤ ገንዘብ ለማዳን ተብሎ ጥም አይቻልም። ማታ እንቅልፍ እምቢ ቢል አይጨነቁ፤ በዚህ ከፍታ የተለመደ ነው።

*ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከጀመረ፦* አይጨምሩ፣ ይረፉ፣ ይጠጡ። ካልቀነሰ ጫፉ ቀርቷል። ሰውየው ቀጥ ባለ መስመር ተረከዝ በጣት እያስነካ መሄድ ካቃተው፣ ግራ ከተጋባ፣ ወይም ተቀምጦ እንኳ ትንፋሽ ካጠረውና ደረቱ ውስጥ የውሃ መንቦቅቦቅ ድምፅ ከተሰማ ይህ የአንጎል ወይም የሳንባ ውሃ መቋጠር ምልክት ነው፤ ወዲያውኑ ለማደሪያው ሠራተኞች ይንገሩና 112 ይደውሉ። ብቻውን አያስተኙት፤ «ይደር፣ ጠዋት እናያለን» አይባልም።

ደረጃ 9፦ ወደ ጫፍ

1. ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተኩል (1፡30) ይነሱ፣ በ8 ሰዓት (2፡00) መንገድ ላይ ይሁኑ። ማደሪያው በር ላይ በገመድ ይተሳሰሩ፤ ገመዱ በበረዶው ላይ አይጎተት፣ እንደ ጅማትም አይወጠር።

2. የማደሪያውን ቦታ ጂፒኤስዎ ላይ ምልክት ያድርጉና ዱካዎን መመዝገብ ይጀምሩ። ዶም ዱ ጉቴ (4,304 ሜትር) ሰፊና ልሙጥ የበረዶ ጉብታ ስለሆነ ጭጋግ ሲወርድ ሰማይና ምድር አንድ ነጭ ይሆናሉ፤ ሰው የሚጠፋው እዚያ ነው። ዱካው ይረዳኛል አይበሉ፤ ነፋስ በአሥር ደቂቃ ይደፍነዋል።

3. ከዶም ትንሽ ወርደው ወደ ቫሎ መጠለያ (4,362 ሜትር) ይወጣሉ። ይህ የብረት ሳጥን የሚመስል ክፍል ለአስቸኳይ ጊዜ ብቻ ነው፤ ለማደር ታስቦ አይታቀድበትም። የውሳኔው ቦታም እዚህ ነው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል (6፡30) ካለፈ፣ ነፋሱ እርምጃዎን የሚያዛባ ከሆነ፣ ወይም የጣትዎ ጫፍ መሰማቱን ካቆመ ይመለሱ። እኔ አንድ ጊዜ እዚህ የቀኝ እጄን ጣቶች በብብቴ ሥር ሩብ ሰዓት ይዤ፣ ሕመሙ ሲመለስ እንባዬ እየወረደ፣ ጫፉን አሻቅቤ አይቼ ተመልሻለሁ። ጓንቱን ክራምፖን ለማጥበቅ ብዬ አውልቄው ነበር።

4. ከቫሎ በኋላ ያለው የቦስ ሸንተረር ጠባብ ነው፤ በሁለቱም በኩል ገደል ነው። ከሚወርዱ ሰዎች ጋር ሲገናኙ ሰፋ ባለ ቦታ ቆመው ያሳልፉ፤ ጠባቡ ላይ መተሻሸት የለም። እግሮችዎን አራርቀው ይራመዱ፤ የአንዱ እግር ክራምፖን የሌላውን ሱሪ እንዳይዝ።

5. በዚህ አካሄድ ከጉቴ እስከ ጫፍ ከአራት እስከ አምስት ሰዓት ይወስዳል። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል (8፡30) ላይ ጫፍ ካልደረሱ፣ የቀረው ሃምሳ ሜትር ቢሆንም ይዙሩ። ጫፍ ላይ ከሩብ ሰዓት በላይ አይቆዩ።

*ጭጋግ ቢውጥዎት፦* በግምት አይሂዱ። የተመዘገበውን ዱካ ይከተሉ፤ መሣሪያው ካልሠራ ቫሎ ውስጥ ይጠብቁ። ስልክዎን ቀድመው በአውሮፕላን ሁነታ ላይ አድርገው፣ ውስጥ ኪስ ውስጥ፣ ሰውነትዎ አጠገብ ይያዙት፤ ብርድ ባትሪን በደቂቃዎች ያወርዳል።

*ነፍስ አድን ሲጠሩ፦* 112 ደውለው ያሉበትን ቦታ ስም፣ ከፍታውን፣ የሰዉን ብዛት፣ የጉዳቱን ዓይነትና የነፋሱን ሁኔታ ይናገሩ። ቴት ሩስ፣ ጉቴ፣ ዶም፣ ቫሎ፣ ቦስ የሚሉትን ስሞች ከመውጣትዎ በፊት ይሸምድዱ፤ ቋንቋ ቢያጥርዎት እንኳ ስሙ ቦታውን ይነግርልዎታል። ሄሊኮፕተር ሲመጣ ሁለት እጅ ወደ ላይ ዘርግቶ መቆም «አዎ፣ እርዳታ እፈልጋለሁ» ማለት ነው፤ አንዱ ወደ ላይ ሌላው ወደ ታች ከሆነ «አልፈልግም» ማለት ነው። ሰላምታ ለመስጠት ብለው ሁለት እጅዎን አያውለብልቡ።

ደረጃ 10፦ ውረዱ

ቁልቁል ሲወርዱ ድካም፣ ደስታና የለሰለሰ በረዶ አንድ ላይ ይመጣሉ። እርጥብ በረዶ ክራምፖኑ ሥር እየተጣበቀ ኳስ ይሆናል፤ በየጥቂት እርምጃው በመጥረቢያው እጀታ ጫማውን መታ እያደረጉ ያራግፉት። መነጽር አያውልቁ።

ጉቴ ከጠዋቱ 3 እስከ 3 ሰዓት ተኩል (9፡00–9፡30) ከተመለሱ፣ አርፈውና ጠጥተው፣ ሸንተረሩን ወርደው ኩልዋሩን ከቀትር በፊት መሻገር ይችላሉ፤ የመሻገሪያው ሥርዓት እንደ አመጣጡ ነው። ካረፈዱ፣ በተለይም ቀኑ ሞቃት ከሆነ፣ ማደሪያው ቦታ እንዳለው ጠይቀው አንድ ሌሊት ይጨምሩና በማግስቱ ማለዳ ይውረዱ። ባቡር ያመልጠናል ብለው ከሰዓት በኋላ በ9 ሰዓት (15፡00) ኩልዋሩ ውስጥ የሚገቡ ሰዎችን አይቻለሁ፤ የባቡር ትኬት የሚያወጣው ገንዘብ ስንት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

የመጨረሻው ባቡር ካመለጠዎት፣ ኒ ዴግል ያለችውን ትንሽ ማደሪያ ይጠይቁ፤ ቦታ ከሌለ በቤልቩ በኩል እስከ ሌ ዙሽ የሚያወርድ የእግር መንገድ አለ። ከ1,300 ሜትር በላይ ቁልቁለት ስለሆነ የግንባር ባትሪዎን መለዋወጫ እስከዚህ ድረስ ማቆየት አለብዎት። በሐዲዱ ላይ መሄድ ክልክል ነው።